ከናፍቆታችሁ በስተቀር

ከወሎ ወጥታችሁ ሩቅ አገር የምትማሩ ልጆቼ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በተማሪዎች ክሊኒክ ነርስ ሆኜ ነው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ከገቡ ከወር በኋላ ደጃፌ በጨጓራና በራስ ምታት ይሞላ ነበር። ጨጓራው እውነተኛ ጨጓራ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን በሽታው የሚገለጠው ካርዱን ዘግቼ «ለመሆኑ ትናንት ማታ ከማን ጋር በላህ?» ስል ነበር። ብቻውን ነው የሚበላው። ካፌው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ እሱ ሳህኑን ይዞ ጥግ ጥጉን ይፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰዎች አንዱን ብቸኝነት ያጠቃዋል፤ ወጣቶች ላይ ደግሞ ይበረታል። ቁጥሩ አላስደነቀኝም። የሚያስደንቀኝ፣ ቡናን ለብቻ መጠጣት ነውር በሆነበት በወሎ ያደገ ልጅ ብቸኝነቱን የሚናገርበት ቃል ማጣቱ ነው።

እኔ ነርስነት ለመማር ከሐይቅ የወጣሁት በ1970ዎቹ ነው። ቤታችን ስልክ አልነበረም። አባቴ ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤዬን የጎረቤት ልጅ ቡና ላይ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ ስለዚህ የምጽፈው መንደሩ ቢሰማው የማያሳፍረኝን ብቻ ነበር። የዚያን ጊዜ ደብዳቤ ሁሉ አጀማመሩ አንድ ነው፦ «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ሁሉም ሰው ስለሚጽፋት ማንም ልብ አይላትም። ነገር ግን ያቺ «በስተቀር» ሰው ሳያፍር ሆዱን የሚያሳይባት ቀዳዳ ነበረች። ዛሬ ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ አለ፤ ቀዳዳዋ ግን ተደፍናለች። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» «ብሩ ደረሰህ?» «ደርሷል።» «ትምህርትስ?» «ጥሩ ነው።» አለቀ።

ቡና ላይ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። በአቦሉ ሰላምታ ነው። በቶናው የሰፈር ወሬ ይመጣል። ሆድ ውስጥ የከረመው ነገር የሚወጣው በበረካው ነው፤ ግማሹ ሰው ተነሥቶ ሲሄድ፣ ፍሙ ሲከስም። የእናንተ ጥሪ አቦሉ ላይ ይቋረጣል። እሁድ እናታችሁ ቡና በምታፈላበት ሰዓት ደውሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ ታስቀምጠው። የምታወሩት ቢጠፋችሁ የሲኒውን ኳኳታ ስሙ። ተራ ነገር አውሩ፦ የዶርም ጓደኛችሁ በእንቅልፉ እንደሚያወራ፣ የካፌው ሽሮ እንደቀጠነ። አባቴ አንድ ጊዜ ባስጻፉልኝ መልስ ውስጥ ከምክሩ ሁሉ በኋላ «ቦራ ላም ወልዳለች፣ ጥጃዋ አንቺን የሚመስል ግንባር አላት» የሚል ነበረበት። ምክሩን ረስቼዋለሁ።

ወላጆችንም እዚህ ላይ አልምርም። «ፈተና ላይ ናት፣ አትንገሯት» የሚባል ነገር አለን። አንዲት ልጅ የአያቷን ሞት ያወቀችው ከአርባ ቀን በኋላ፣ የአክስቷ ልጅ ፌስቡክ ላይ ከለጠፈው ፎቶ ነው። ክሊኒክ ስትገባ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ስደውል ሁልጊዜ ‹ተኝታለች› ይሉኝ ነበር» ትላለች፤ ደጋግማ የምትለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቤት «ደህና ነን» ሲሏት አታምንም። መርዶ ድሮም ወግ አለው፤ በማለዳ፣ ሰው ከብቦት ነው የሚነገር። ጓደኞቿን ጠርቶ አጠገቧ ቁጭ የሚል አንድ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ አይጠፋም።

ልጆችም በተራችሁ ትደብቃላችሁ። ውጤቱ ወድቆ ከግቢ የተሰናበተ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ለቤቱ ሳይናገር ከተማው ውስጥ ክፍል ተከራይቶ መንፈቅ ሙሉ ተማሪ መስሎ ኖረ፤ እናቱም በየወሩ ትልክለታለች። የሚደብቀው ነገር ካለው ጓደኛም ይሸሻል፣ ሲደወልለትም አያነሣም።

ስለ ብሩ ካነሣሁ አይቀር፦ ድሮ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዞ የሚመጣ መንገደኛ ምስክር ነበር። ተመልሶ «አይቼዋለሁ፣ ትንሽ ከስቷል» ይላል። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ገንዘብ በቅጽበት ይደርሳል፤ እኔም እልክበታለሁ፣ አላማውም። ግን ዓይን የለውም። ወደ ልጃችሁ አገር የሚሄድ ሰው ስታገኙ በሶውን አትተዉ።

«አብሽር» የምትለውን ቃላችንንም እወዳታለሁ። ችኩል ሰው ሲላት ግን አፍ ታዘጋለች። ልጁ ተናግሮ ሲጨርስ ብትባል ይሻላል።

ጦርነቱ ጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስልክ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ጅማ ይማር የነበረ የእህቴ ልጅ በኋላ እንዳጫወተኝ፣ የወሎ ልጆች ማታ ማታ አንድ ዶርም ይሰበሰቡ ነበር። አንዱ ከመርሳ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው አግኝቶ ከሆነ ወሬው የሁሉም ነው። ያ ወሬ እንቅልፍ ባይሰጥም ለብቻ ከመንቃት አድኗቸዋል። እናንተም የሁለት ጎረቤትና የአንድ ሩቅ ዘመድ ቁጥር በወረቀት ያዙ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ከዚያም የባሰ ይመጣል።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ከራቃችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ መኖሩ ከከበዳችሁ ግን ቡናና ስልክ አይበቃም፤ ክሊኒክ ሂዱ። «ጨጓራዬን ነው» ብላችሁም ቢሆን ግቡ፤ ነርሷ ታውቃለች።

ከሩቅ መጥታችሁ ደሴ ለምትማሩም እንዲሁ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ2012 የከተማውን ቤተሰብ ከሩቅ ተማሪ ጋር የሚያገናኝ የቃል ኪዳን ቤተሰብ ጀምሮ ነበር፤ መልካም ሥራ ነው፤ ለእኛ ለወሎዎች ግን ሰው ቡና ለመጥራት ፕሮጀክት አያስፈልገንም ብዬ እኮራለሁ። እኔ ቤት ሁለት ተማሪዎች እሁድ እሁድ ይመጣሉ። አንደኛው የወላይታ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ቀን አቦሉን ፉት ብሎ «አመሰግናለሁ፣ ላስቸግርዎ አልፈልግም» እያለ ሊነሣ ሲል «ጀባ» ብዬ ቶናውን አስያዝሁት። በረካው ሲወርድ ጨልሞ ነበር፤ ስለ እናቱ እያወራኝ ነበር።