ከሕፃኑ ቀጥሎ ጉበቷንም እዩ

ልጆቼ፣ በተለይ የራዲዮሎጂ ሬዚደንሲ ዘንድሮ የጀመራችሁ፣

አልትራሳውንድ ክፍል ነፍሰ ጡር ስትገባ የሁሉም ዓይን ሕፃኑ ላይ ነው። የእሷም፣ የባሏም፣ የእኛም። ልቡ ይመታል? ወንድ ነው ሴት? የእናቲቱን ጉበት የሚጠይቅ የለም። እኔም ለዓመታት ብዙ አልጠየቅሁም።

ጀማሪ ሳለሁ አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር «ሰውነቴን ያሳክከኛል» ብላ ተላከችልኝ። ጉበቷን አየሁ። ሐሞት ከረጢቷ ጠጠር የለውም፣ ቱቦውም አልሰፋም። «ኖርማል» ብዬ ፈረምኩና ቀጣዩን ጠራሁ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት አንጋፋ አዋላጅ «የቱ ጋ ነው የሚያሳክክሽ፣ እህቴ?» ስትላት ሰማሁ። ሴትዮዋ መዳፏን ዘረጋች። ቀጥላ የውስጥ እግሯን አሳየች። «ማታ ማታ ይብስብኛል።» አዋላጇ ወረቀቴን ይዛ ተመለሰች። «ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ወደ ቤቷ አትሄድም» አለችኝ።

ልክ ነበረች። በእርግዝና ምክንያት ሐሞት እንደ ልብ አልፈስ ሲል እንዲህ ያሳክካል፤ ችግሩ ያለው ግን በጉበት ሴሎችና በደቃቅ ቱቦዎች ውስጥ ነው። አልትራሳውንድ እዚያ አይደርስም። የሚያሳብቀው በደም ውስጥ ያለው የሐሞት አሲድ ነው፤ በሊትር 100 ማይክሮሞል ሲደርስ ሕፃኑ ማህፀን ውስጥ የመሞት አደጋው በግልጽ ይጨምራል። የእኔ «ኖርማል» ውሸት አልነበረም፤ የሴትዮዋን ጥያቄ ግን አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ላለችው «ምስሉ ደህና ነው፤ ማሳከኩ ግን የደም ምርመራ ይፈልጋል» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ መስመር ናት።

ባዶ ድንጋጤም አለ። በመጨረሻዎቹ ወራት ማህፀኑ ጉበትን ወደ ላይ ይገፋዋል። መዳፍ ይቀላል። በደም ምርመራ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም የእንግዴ ልጁም ይሠራዋል። ደሙ ስለሚቀጥን አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ይወርዳል። ይሄ ሁሉ እርግዝና ነው። ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይምና ዓይን የሚያቢጨው ቢሊሩቢን ሲጨምሩ ግን «እርግዝና ነው» ብላችሁ አትለፉ። ምክንያት አላቸው።

አሁን ወደ ጨጓራ ልምጣ። እኛ አገር ከደረት በታች ያመመ ሁሉ ጨጓራ ነው። ሴቷም ሆድ ይፍጀው ብላ ትከርማለች፣ ቢብስባት ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ትገዛለች። ከአምስት ወር በኋላ ያለች ነፍሰ ጡር፣ በተለይ ደም ግፊት ካለባት፣ በቀኝ ጎድኗ ሥር ካመማት መጀመሪያ የሚታሰበው ጨጓራ መሆን የለበትም። ሄልፕ የምንለው ሊሆን ይችላል፦ ቀይ የደም ሴል ይፈርሳል፣ የጉበት ኢንዛይም ይጨምራል፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ይወርዳል። ስሙን በ1982 የሰጠው አሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ዋይንስታይን ነው። አልፎ አልፎ ደም በጉበቱ ሽፋን ሥር ይጠራቀማል፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀኙ በኩል። ሽፋኑ ከተቀደደ የምትቆጥሩት ደቂቃ ነው። ትኩስ ደም ደግሞ በአልትራሳውንድ ጉበቱን ራሱን ሊመስል ይችላል። ሕመሙ ወደ ቀኝ ትከሻ ከወጣ፣ ምስሉ ባያሳምናችሁም ስልኩን አንስታችሁ ሐኪሟን ጥሩ።

በእርግዝና ጉበት ላይ ስብ በድንገት የሚሞላበት በሽታም እንዲሁ ያታልላል። አልትራሳውንዱ ደህና ሆኖ እናቲቱ እየሞተች ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ማዋለድ ነው፤ ምስል እየጠበቃችሁ አታዘግዩ።

ስለ ጨረር ብዙ ትጠየቃላችሁ። አልትራሳውንድ ይቅደም፣ ካስፈለገ ኤምአርአይ ያለ ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት ሳይወጋ። የኤምአርአይ ኮንትራስት የሆነው ጋዶሊኒየም የእንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱ ጋ ስለሚደርስ ይቆይ። ሲቲ ስካን ግን የእናቲቱን ሕይወት የሚያተርፍ ከሆነ አትፍሩት። አንድ የሆድ ሲቲ ለፅንሱ የሚያደርሰው ጨረር አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሚሊግሬይ (የጨረር መለኪያ) በታች ነው፤ ፅንሱን ይጎዳል ተብሎ ከሚፈራው መጠን ያነሰ ነው። በፍርሃት የዘገየ ምርመራ የሚያደርሰውን ጉዳት እኔ አይቻለሁ።

የወፍ በሽታ ይዟት ከመጣች ስለምትጠጣው ውሃም ጠይቁ። በ2014 እ.ኤ.አ. በጋምቤላ የስደተኛ መጠለያዎች የተነሣው ሄፓታይተስ ኢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ የሚተላለፈው በተበከለ ውሃ ነው። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ደግሞ ክፉ ነው።

አሁን ሥራው። ሕፃኑን አይታችሁ ስትጨርሱ በግራ ጎኗ አስተኟት። በጀርባዋ ስትቆይ ማህፀኑ ትልቁን ደም ሥር ተጭኖ ያዞርባታል። ፕሮቡን (የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ) በጎድን አጥንቶቿ መሃል አሳርፉ፣ ትንፋሽ ስባ ትያዝ። እስከዚያው የቱ ጋ እንደሚያማት ጠይቋት። ጄሉንም አሙቁት፣ ያ ክፍል ይቀዘቅዛል።