የስፓና የውበት ሳሎን የውስጥ ዲዛይን፦ ጥያቄና መልስ

የስፓና የውበት ሳሎኖችን የውስጥ ክፍል መንደፍ የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ፣ በጉዳዩ ላይ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አጣምሬአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ለሳሎኔ ግድግዳ ሁሉ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀለም መርጫለሁ። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ለእንግዳ መቀበያውና ለማሳጅ ክፍሉ ያምራል፤ ሜካፕ የሚሠራበት ቦታ ላይ ግን አልመክርዎትም። ግድግዳው ላይ ያረፈው ብርሃን ሲመለስ አረንጓዴነቱን ይዞ ፊት ላይ ስለሚያርፍ፣ ጤነኛውን ቆዳ የታመመ ያስመስለዋል። ደንበኛዋም ሜካፑ እንዳላማረባት እንጂ ጥፋቱ የግድግዳው መሆኑን አታውቅም። በመስታወቱ ዙሪያ ነጭ ወይም ግራጫ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሳሎን ውስጥ የተቀባው ፀጉር ውጭ ሲታይ ሌላ መልክ እያመጣ ተቸግረናል። መብራቱ ይሆን?

መልስ፦ ቀለሙ ራሱ ካልተበላሸ በቀር አዎ፣ የምጠረጥረው መብራቱን ነው። አምፖል ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጉ። አንደኛው በኬልቪን የሚለካው የብርሃኑ መልክ ሲሆን፣ 2700 ወደ ቢጫ ያደላ፣ 4000 ደግሞ ወደ ነጭ የቀረበ ነው፤ ለፀጉር ቀለምና ለሜካፕ 4000ው ይሻላል። ሌላው ቀለምን በትክክል የማሳየት አቅሙ ነው፤ ከ100 ቢያንስ 90 ይሁን። አምፖሉንም ከአናት በላይ ሳይሆን በመስታወቱ ግራና ቀኝ፣ በፊት ከፍታ ላይ ያድርጉት፤ ከላይ ብቻ የሚወርድ ብርሃን ከዓይንና ከአገጭ ሥር ጥላ ይጥላል።

የማሳጅ ክፍል ነገሩ ሌላ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሳይሄድ አልጋው ላይ በጀርባዎ ይተኙና ወደ ኮርኒሱ ይመልከቱ። አምፖል ዓይንዎን ከወጋዎት ደንበኛዎንም ይወጋል።

ጥያቄ፦ 2 በ2.5 ሜትር የሆነች ክፍል ለማሳጅ ትበቃለች?

መልስ፦ አትበቃም። አልጋው ወርዱ 70፣ ቁመቱ 185 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የፊት መደገፊያው ደግሞ 30 ያህል ይጨምራል። መሐል ላይ ቢያስቀምጡት በየጎኑ 65 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል፤ በራስጌና በግርጌ ተደምሮ ደግሞ 35 ብቻ። አንገትና ትከሻ የሚታሸው ከራስጌ በኩል ስለሆነ ሠራተኛዋ መቆሚያ አይኖራትም። እኔ ከ2.5 በ3.5 ሜትር በታች አልነድፍም። ያችን ክፍል ለጥፍር ሥራ ቢያውሏት ይሻላል፤ ነገር ግን የአየር መሳቢያው ጠረጴዛው አጠገብ ይሁን፤ ኮርኒስ ላይ ከሆነ የአሴቶኑን ሽታ በሠራተኛዋ አፍንጫ በኩል አሳልፎ ነው የሚወስደው።

ጥያቄ፦ የካስኩና የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ ማሳጅ ክፍል ይገባል። ግድግዳው ላይ ስፖንጅ ብንለጥፍም አልተለወጠም።

መልስ፦ ስፖንጅ የክፍሉን ገደል ማሚቶ ይቀንሳል እንጂ ከውጭ የሚመጣን ድምፅ አያግድም። ድምፅ እንደ ውሃ ቀዳዳ ፈላጊ ነው። መጀመሪያ የበሩን ሥር፣ ቀጥሎ ኮርኒሱን ከፍተው ከላይ ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ኮርኒሱ ላይ ያበቃና ከላይ እስካለው የኮንክሪት ንጣፍ (ሶሌታ) ድረስ ክፍት ሆኖ ይገኛል። ያንን መድፈን፣ ውስጡ ባዶ ያልሆነ በር መግጠምና ዙሪያውን ጎማ ማልበስ ያስፈልጋል። ገና በንድፍ ላይ ያላችሁ ደግሞ በፀጉር ቤቱና በማሳጅ ክፍሉ መካከል የፎጣ መጋዘን ብታስገቡ ከዚህ ሁሉ ወጪ ትድናላችሁ።

ጥያቄ፦ ማድረቂያዎቹ አንድ ላይ ሲሠሩ ብሬከሩ ይወርዳል።

መልስ፦ 2000 ዋት የሆነ ማድረቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ሁለቱ ብቻ ባለ 16 አምፔሩን መስመር ያልፉታል፤ መስመሩን ያስከፋፍሉ። ብሬከሩን ብቻ በትልቅ መቀየር ግን ገመዱን ማቃጠል ነው።

ጥያቄ፦ ለእንፋሎት ክፍል ሴራሚክ ብቻውን በቂ አይደለም?

መልስ፦ በሴራሚኩ መጋጠሚያዎች እርጥበት ስለሚሰርግ፣ ከሥሩ ውሃ የማያስገባ ሽፋን መደረግ አለበት። ወለሉ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ያዘንብል። ኮርኒሱም እንዲሁ ወደ ግድግዳው ማዘንበል አለበት፤ እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ዝርግ አድርጌ አሠርቼ፣ ቀዝቃዛ ጠብታ የተቀመጠች ደንበኛ ትከሻ ላይ ሲያርፍና ብድግ ስትል አይቻለሁ። ኮርኒሱን አፍርሼ እንደገና አሠራሁት።