ስንት ሰው ልጠይቅ? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ማኅበራዊ ሳይንስ ናቸው። ስንት ዓመት ሙሉ የምርምር ዘዴ ሳስተምር ስለኖርኩ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሶሲዮሎጂ እያጠናሁ ነው። ቤተሰቦቼ “ይሄ እኮ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው” እያሉ ያበሳጩኛል። ምን ልበላቸው? (የአንደኛ ዓመት ተማሪ)

እህቴ፣ ክርክሩን ተይው። ይልቅ የሚከተለውን አንብቢላቸው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የራሱ የማኅበራዊ ሳይንስ ቡድን ነበረው። ቡድኑ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ወታደሮች መጠይቅ አስሞልቷል። በ1949 ፖል ላዛርስፌልድ የተባለ ሶሲዮሎጂስት ስለዚህ ጥናት ሲጽፍ ከውጤቶቹ ጥቂቶቹን ዘረዘረ። የተማሩ ወታደሮች ካልተማሩት ይልቅ የመንፈስ ጭንቀት ይታይባቸዋል አለ። የገጠር ልጆች ደግሞ በጦር ሰፈር ኑሮ ከከተማ ልጆች የተሻለ ደስተኞች ናቸው አለ።

እዚህ ላይ ንባብሽን አቁሚና ፊታቸውን እዪ። “እና ታዲያ! የተማረ ሰው ነገር ያብሰለስላል፤ የገጠር ልጅ ችግር ለምዷል” ማለታቸው አይቀርም። ከዚያ ቀጥዪ። ላዛርስፌልድ ዝርዝሩን ከጨረሰ በኋላ፣ በጥናቱ የተገኘው የእያንዳንዱ ተቃራኒ መሆኑን ተናገረ። የተማሩት ነበሩ የተሻሉት። የከተማ ልጆች ነበሩ ደስተኞቹ።

ትክክለኛውን ውጤት ቀድመሽ ብትነግሪያቸው ኖሮም ለሱም ምክንያት አያጡለትም ነበር። ሁላችንም እንዲህ ነን። ለማንኛውም ወሬ ማብራሪያ ወዲያው ይመጣልናል። ስለዚህ “ስሜት ይሰጣል” ማለት “እውነት ነው” ማለት አይደለም። ኢኮኖሚክስ በይው፣ ሥነ ልቦና፣ አንትሮፖሎጂ ወይም የፖለቲካ ሳይንስ፣ የሚጠይቁት ነገር ይለያያል እንጂ መነሻቸው ይህ ነው፤ ከመገመት በፊት ሄዶ ማየት።

አማካሪዬ “ጥናትህ መጠናዊ ነው ወይስ ዓይነታዊ?” አለኝ። የቱ ይሻላል? በቁጥር ብዙም ጎበዝ አይደለሁም። (የማስተርስ ተማሪ)

ወንድሜ፣ መጠናዊ ማለት በቁጥር የሚለካ፣ ዓይነታዊ ማለት ደግሞ እንደ ቃለ መጠይቅ ባሉ መንገዶች ሰዎቹን ቀርቦ የሚረዳ ጥናት ነው። ቁጥር ስለፈራህ ብቻ ቃለ መጠይቅ አትምረጥ። ብዙ ተማሪ በዚህ በኩል ገብቶ ይጎዳል። ደህና ቃለ መጠይቅ ማካሄድ፣ ቃል በቃል ገልብጦ መጻፍ፣ ከዚያ ያንን ሁሉ ወረቀት ደጋግሞ አንብቦ መተንተን ከስታትስቲክስ አይቀልም።

መጀመሪያ ጥያቄህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈው። “ምን ያህሉ” ወይም “ከማን ይበልጣል” የሚል ከሆነ ወደ ቁጥር ይወስድሃል። “እንዴት ይኖሩታል፣ ምን ትርጉም ይሰጡታል” ካለ ከሰዎቹ ጋር መቀመጥ አለብህ። “ይህ ያንን ያመጣል ወይ” ካለ ደግሞ ማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈልግሃል። ዘዴውን ጥያቄው ይምረጥልህ።

አንዳንድ ጥያቄ ደግሞ ሁሉንም ይፈልጋል። ለዚህ ከማሪየንታል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ማሪየንታል በቪየና አቅራቢያ የምትገኝ የኦስትሪያ መንደር ናት። ነዋሪው የሚተዳደረው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መጀመሪያ ላይ ፋብሪካው ተዘጋና መንደሩ ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ሆነ። ማሪ ያሆዳ፣ ሃንስ ዛይዝልና ቅድም ስሙን ያነሳሁት ላዛርስፌልድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደዚያ ሄዱ። ጥያቄያቸው “ረጅም ሥራ አጥነት ሰውን ምን ያደርገዋል?” የሚል ነበር። በጊዜው ብዙዎች ሥራ ያጣ ሰው ይቆጣል፣ ያምፃል ብለው ይጠብቁ ነበር።

478 ቤተሰቦች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው የመረጃ ካርድ ተዘጋጀ። የቤተሰቦች የምግብ መዝገብ ተያዘ። ሰዎች የሕይወት ታሪካቸውን ተረኩ፤ ቀናቸውን በምን እንዳሳለፉት በሰዓት ከፋፍለው ጻፉ። የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብም ተመረመረ። ሥራ ፈት ሰው ለማንበብ ጊዜ አለው፤ የውሰት ክፍያውም ቀርቶለታል። የተዋሱት መጻሕፍት ቁጥር ግን በጣም ቀነሰ።

እኔ ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ የማነሳው አንድ ሌላ ነገር አለ። አጥኚዎቹ ሰው ሳያውቅባቸው ዋናውን መንገድ እየተመለከቱ የሰዎችን የእርምጃ ፍጥነት ለኩ፤ ማን ስንት ጊዜ እንደሚቆምም ቆጠሩ። አብዛኞቹ ወንዶች መንገዱን ሳይቆሙ አይጨርሱም ነበር። ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ዞር ዞር ይላሉ። ሴቶቹ ግን ፈጠን ብለው ያልፋሉ፤ የሚቆሙት ጥቂት ናቸው። ለምን? ከሰዓት መዝገቡ ጋር ስታስተያየው ይገባሃል። ሴቶቹ ከፋብሪካ ቢወጡም ቤት ውስጥ ምግብ፣ ልብስና ልጆች ይጠብቋቸዋል። ወንዶቹ ግን ከጠዋት እስከ ምሳ ምን ሲያደርጉ እንደቆዩ ለመጻፍ እንኳ ይቸገሩ ነበር። የፍጥነቱ ቁጥር ብቻውን ይህንን አይነግርህም። ወሬያቸው ብቻውንም ልዩነቱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አያሳይህም።

የታየው አመፅ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ነበር።

ሌላም የምወድላቸው ነገር አለ። ከቡድኑ ማንም ሰው ዝም ብሎ ተመልካች ሆኖ እንዳይገባ ወስነው ነበር። ልብስ አሰባስበው አከፋፈሉ፣ ነፃ ሕክምና አዘጋጁ፣ የልብስ ቅድ ሥልጠና ሰጡ። በዚያውም ሰዉን ቀረብ ብለው አወቁት።

300 ሰዎችን በቴሌግራም መጠይቅ አስሞልቻለሁ። “ናሙናሽ አያስኬድም” ተባልኩ። ስንት ሰው ልጨምር? (የአራተኛ ዓመት ተማሪ)

አትጨምሪ። ችግሩ ከቁጥሩ አይደለም።

በ1936 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ወቅት ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠይቅ ካርድ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። በዚያ ላይ ተመሥርቶ አልፍሬድ ላንደን ያሸንፋል አለ። በሥልጣን ላይ የነበረው ፍራንክሊን ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ፤ ላንደን ያሸነፈው በሁለት ግዛቶች ብቻ ነበር። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሎፕ ግን በእጅጉ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተንብዮ ነበር።

2 ሚሊዮን ሰው እንዴት ያሳስታል? መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው በዋናነት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደህና ኑሮ ያለው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ይበልጥ ወደ ላንደን ያዘነብል ነበር። በዚያ ላይ ካርዱ ከደረሳቸው ውስጥ ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው የመለሱት። ለመመለስ የሚነሳሳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቅር ያለው ሰው ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ማስፈንጠሪያውን ማን አየው? ያንቺ ጓደኞች፣ የጓደኞችሽ ጓደኞች። ኢንተርኔት የሌለው፣ ጊዜ የሌለው፣ ርዕሱ የማይስበው አልገባም። 3,000 ብታደርጊውም ያው ነው። እያንዳንዱ ሰው እኩል የመመረጥ ዕድል ካገኘ ግን 1,000 ሰው ለአንድ ትልቅ አገር እንኳ ይበቃል፤ የስህተቱ ህዳግ፣ ማለትም ውጤቱ ከእውነተኛው ወደላይ ወይም ወደታች ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ወደ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያንን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ሰው ያስፈልግሻል።

ጊዜ ካለሽ የምታጠኚውን ሕዝብ ዝርዝር ፈልጊና ከዚያ በዕጣ ምረጪ። ካልሆነም 300ውን አትጣዪው። “ይህ የእነዚህ ሰዎች መልስ ነው፤ ለሁሉም አይሆንም” ብለሽ በግልጽ ጻፊ። ደህና ፈታኝ ይህንን ያከብራል።

የመጠይቄን አንድ ጥያቄ ይመልከቱልኝ፦ “በሥራዎና በደመወዝዎ ምን ያህል ረክተዋል?” (ስም የለም)

ሁለት ጥያቄ ነው። ሥራውን እየወደደ በደመወዙ የሚያማርር ሰው የቱ ላይ ምልክት ያድርግ? ለሁለት ክፈለው።

ቃላቱንም ደግመህ እያቸው። በ1940 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ ግማሹን ሰው “ዴሞክራሲን የሚነቅፍ የአደባባይ ንግግር ሊፈቀድ ይገባል?” አሉት። 62 በመቶው አይገባም አለ። ሌላውን ግማሽ ስለዚያው ንግግር “ሊከለከል ይገባል?” አሉት። አዎ ያለው 46 በመቶ ብቻ ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። መጠይቁን ከማሰራጨትህ በፊት ለጥቂት ሰዎች ጮክ ብለህ አንብብላቸው፤ የት ላይ “እንዴት ማለትህ ነው?” እንደሚሉህ ምልክት አድርግ።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቴ መጥቶ ስለ ገቢዬ ጠየቀኝ። አልመልስም ብል ልጁን መጉዳት ይሆንብኛል? (ጡረተኛ)

አይሆንም፣ አባቴ። መብትዎ ነው። ግማሽ ላይ ደርሰውም ማቆም ይችላሉ። ለምን እንደሚጠይቅ፣ ስምዎ ይጻፍ እንደሆነ፣ መልስዎን ማን እንደሚያየው ሳያፍሩ ይጠይቁት።

ይህ ጥንቃቄ እንዲሁ አልመጣም። በ1961 ስታንሊ ሚልግራም የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰዎችን የማስታወስ ጥናት ነው ብሎ ጠርቶ፣ ሌላ ሰው በኤሌክትሪክ የሚቀጡ አስመሰላቸው። በታወቀው ሙከራ ከ40ዎቹ 26ቱ ታዘው እስከ መጨረሻው የንዝረት ደረጃ ሄዱ። ንዝረቱ ውሸት ነበር፤ የሰዎቹ ላብና መንቀጥቀጥ ግን እውነት ነው። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ካስነሱት ክርክር በኋላ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ጠበቅ አሉ፤ የተጠያቂ ፈቃድም ግዴታ ሆነ።

ለመመለስ ከወሰኑ ግን እውነቱን ይንገሩት። ገቢዎን ዝቅ አድርገው ከሚነግሩት “ይሄን እለፈው” ቢሉት ይሻለዋል። ባዶ ቦታ ሲተነትን ይታየዋል። የተሳሳተ ቁጥር ግን ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ ያልፋል።