የፔፕታይድ አጓጓዡ ለአንጎል መግቢያ ነው ወይስ መውጫ?

«ፔፕቲ 2 የሚባለው አጓጓዥ ፕሮቲን አንጎል ውስጥ ካለ፣ መድኃኒትን ከትንሽ ፔፕታይድ ጋር አያይዘን በእርሱ በኩል ለምን አናስገባም?» ብለው ለጠየቁት አባላችን፦ ፕሮቲኑ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የት እንደተቀመጠና ፊቱን ወዴት እንዳዞረ መታየት አለበት።

ፔፕቲ 2 ሁለት ወይም ሦስት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት) ያላቸውን ፔፕታይዶች ከሃይድሮጂን አዮን ጋር አጣምሮ ወደ ሴል ያስገባል፤ እንደ ሴፋድሮክሲል ያሉ አንቲባዮቲኮችም ቅርጻቸው ስለሚቀራረብ አብረው ያልፋሉ። ነገር ግን ጎልቶ የሚገኘው የአንጎል ፈሳሽ በሚመነጭበት በኮሮይድ ፕሌክሰስ ሲሆን፣ እዚያም ወደ ፈሳሹ ዞሮ ስለተቀመጠ ሥራው ከፈሳሹ ውስጥ እየለቀመ ማውጣት ነው። ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ሴፋድሮክሲል ሲሰጣቸው በአንጎል ፈሳሻቸው ከሌሎቹ የበለጠ መድኃኒት የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስገባው በር ሌላ ነው፤ እኔም በደንብ የገባኝ ደሴ ውስጥ በመድኃኒት ቤት ስሠራ ነው። የፓርኪንሰን ሕመም ያለባቸው አንድ አዛውንት ልጅ፣ የጠዋቱ ሌቮዶፓ የተባለው ኪኒን የሚንቀጠቀጠውን የአባቱን እጅ ሲያሳርፍ የምሳው ግን ምንም እንደማይሠራ ነግሮኝ፣ መድኃኒቱ ሐሰተኛ እንደሆነ ተጠራጠረ። አጠያይቄ ስረዳ፣ የጠዋቱን በባዶ ሆድ፣ የምሳውን ግን ሽሮ በእንጀራ በልተው እንደጨረሱ ነበር የሚውጡት። በዚህ ሕመም አንጎል ውስጥ የሚጎድለው ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ራሱ ከደም ወደ አንጎል ማለፍ ስለማይችል፣ እዚያ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ሌቮዶፓ ይሰጣል፤ እርሱም የሚያልፈው ላት 1 በሚባለው፣ እንደ ሉሲንና ፌኒልአላኒን ያሉ አሚኖ አሲዶችን በሚያጓጉዘው ፕሮቲን ነው። ከሽሮው ፕሮቲን የሚመጡት አሚኖ አሲዶች አንጀት ላይም ሆነ አንጎል ደጃፍ ላይ ማለፊያውን ይሻሙታል። ሐኪማቸው ተስማምተው ኪኒኑ ከምሳ ግማሽ ሰዓት በፊት እንዲሆን ሲደረግ፣ ለውጡን ልጁ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። (እሸት ባቄላ ውስጥም ሌቮዶፓ አለ፤ ይሁን እንጂ መጠኑ ወጥ ስላልሆነ በኪኒኑ ምትክ አይወሰድም።)

ስለዚህ መድኃኒቱን ማስመሰል ካስፈለገ በፔፕታይድ ሳይሆን በአሚኖ አሲድ መልክ ቢሆን ይሻላል። ሜልፋላን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ከፌኒልአላኒን የተሠራ በመሆኑ በላት 1 ይሳፈራል፤ ግን እርሱም ደም ውስጥ ካሉት አሚኖ አሲዶች ጋር ወረፋ መጋፋቱ አይቀርለትም።