ግእዝሽን ሲቪሽ ላይ አስገቢው

ውድ እህቴ፣

በታሪክ ተመርቀሽ ሁለተኛ ዲግሪሽን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መታደስ ላይ ልትሠሪ እንዳሰብሽ፣ ርዕስሽም «ትውፊት ወይስ ተሐድሶ?» እንደሆነ፣ አባትሽ ግን «በዚህ ማን ይቀጥርሻል?» እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል። በልጅነትሽ የኔታ ዘንድ ዳዊት መድገምሽን ከደብዳቤው ግርጌ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽዋል። ሲቪሽን ከፍቼ «ቋንቋ» የሚለውን ባየው አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ግእዝ የት ሄደ?

ከርዕሱ «ወይስ»ን አውጪ፤ ሁለቱ ተቃራኒ አይደሉም። («ተሐድሶ»ም እኛ አገር ሌላ ጠብ ስለሚጭር ብትተዪው ይሻላል።) የካቶሊክ ጳጳሳት ቤተ ክርስቲያናቸውን ለማደስ በመከሩበት በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ1962 እስከ 1965፣ ለለውጥ ከደከሙት ብዙዎቹ የጥንት ጽሑፍ ሰዎች ነበሩ። ፈረንሳዊው የዶሚኒካን ማኅበር መነኩሴ ኢቭ ኮንጋር በ1950 ስለ እውነተኛና ሐሰተኛ ተሐድሶ ጻፉ፤ በ1954 ከማስተማር ታገዱ፤ ጉባኤው ሲጠራ ግን ሰነድ ከሚያረቅቁት አንዱ ሆኑ። በ1994 ካርዲናል ተባሉ።

ላንቺ የሚቀርበው በ1964 ስለ ምሥራቅ ካቶሊካውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ ማለትም ከሮም ጋር አንድ ሆነው የራሳቸውን ሥርዓት ስለያዙት፣ ከጉባኤው የወጣው ድንጋጌ ነው። ቁጥር 6ን አንብቢ፤ በዘመን ወይም በሰው ምክንያት ከአባቶቻቸው ሥርዓት የራቁ ወደዚያው ለመመለስ ይጣሩ ይላል። ላቲኖቹ ቅዳሴያቸውን ወደየአገራቸው ቋንቋ ሲያዞሩ፣ በግእዝ ሥርዓት ለሚቀድሱት የእኛዎቹ ካቶሊኮች መታደስ ማለት መመለስ ሆነ። ከጉባኤው በፊትና በኋላ የታተሙ ሁለት የቅዳሴ መጻሕፍት ፈልጊ፤ ጎን ለጎን ዘርግተሽ የተጨመረውንና የወጣውን በእርሳስ አስምሪ። ጥናትሽ ይኸው ነው።

አባትሽ ተሳስተዋል አልልም። ሥነ መለኮት ብቻውን ምእመንን እምብዛም አያበላም። ግእዝ እያነበበ ጣልያንኛ ወይም ላቲን የሚጨምር ሰው ግን ለብራና ማውጫ፣ ለቤተ መዛግብት፣ ለትርጉምና ለማስተማር ይፈለጋል። ቦታው ብዙ አይደለም፤ ተፎካካሪውም እንደዚያው። ሮም ካሰብሽ በ1917 የተመሠረተውን ጳጳሳዊ የምሥራቅ ተቋም ጠይቂ። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ኮሌጅ የካህናት ነው፤ እሱን ተስፋ አታድርጊ።

ከቅዳሴ ሐዋርያት አንድ ገጽ ራስሽ ተርጉመሽ ከማመልከቻው ጋር አያይዢ። ጣልያንኛውን ከዚህ ወር አታሳልፊው።