ፓይተን ተጭኗል፣ የጠፋው አድራሻው ነው

አንዲት እህት ከድሬዳዋ ሳቢያን እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አለኝ፤ ታይዋን አካባቢ የአንድ ሱቅ ሒሳብ እይዛለሁ። ፕሮግራሚንግ ልማር ብዬ የወንድሜን ላፕቶፕ ተዋስኩ። ዊንዶውስ 10 ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጫንኩ፤ ጥቁሩ መስኮት ላይ ስሙን ስጽፍ ግን የማይክሮሶፍት ስቶር፣ የፕሮግራም መደብሩ፣ ይከፈታል። እያጠፋሁ ሦስት ጊዜ ጫንኩት፤ ያው ነው። ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም መሰለኝ። ልተወው?»

አቦ፣ አትተዪው! እንደምገምተው ሦስቱንም ጊዜ በደንብ ተጭኖልሻል። ላፕቶፑ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ መስኮቱ ነው ቤቱን የማያውቀው።

ድሬ ላይ ባጃጅ ይዘሽ «እነ እንትና ቤት አድርሰኝ» ብትዪ፣ ሾፌሩ ሰዎቹን ካላወቃቸው ቤቱ እዚያው ቆሞ እያለ ለእሱ የለም። ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለው ጥቁር መስኮትም እንደዚያው ነው። ስም ስትጽፊለት ኮምፒውተሩን ሁሉ አያስስም። ፓዝ የሚባል የፎልደሮች ዝርዝር አለው፤ በተራ ያያቸዋል፣ መጀመሪያ ያገኘውን ይከፍታል፣ ካጣ «አላውቀውም» ብሎ ይመልሳል። አንቺ ጋ ደግሞ «አላውቀውም» እንኳ አላለም፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ ራሱ በፓይተን ስም አንድ ደላላ አስቀምጧል። እውነተኛው ሲታጣ ደላላው እጅሽን ይዞ ወደ ስቶር ይወስድሻል። ቫይረስ አይደለም፤ አትደንግጪ።

ጥፋቱ የት ላይ መሰለሽ? የመጫኛው የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ ፓይተንን ወደ ፓዝ ልጨምር ወይ የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ካልነካሻት ባዶ ናት። የሰው ዓይን ደግሞ የሚያርፈው ከላይ ባለው ትልቁ «ኢንስቶል ናው» ላይ ነው። ስለዚህ ሦስቴ ስትጭኚ ሦስቴም ያችኑ ሳጥን አልፈሻታል።

አሁን ማጥፋት አያስፈልግሽም። ያንኑ መጫኛ ፋይል ክፈቺና «ሞዲፋይ» የሚለውን ምረጪ። «ኔክስት» ብለሽ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ፓይተንን ወደ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብልስ ጨምር የሚለው ላይ (ያው ፓዝ ያለበት ቦታ ነው) ምልክት አድርጊና ጨርሺ። ከዚያ፣ እባክሽ ይህችን እንዳትረሺ፣ ጥቁሩን መስኮት ዝጊና አዲስ ክፈቺ። ቀድሞ የተከፈተ መስኮት የያዘው በተከፈተበት ሰዓት የነበረውን ዝርዝር ነው፤ አዲሱን አያይም። እኔ ይህችን ባለማወቄ ከዚራ አንድ ዛፍ ሥር አንድ ሙሉ ቅዳሜ፣ ባትሪዬ እስኪያልቅ፣ የሠራሁትን ሳፈርስ ውያለሁ። ነገሩ ተስተካክሎ ነበር፤ መስኮቱን ያልዘጋሁት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ፓይተን ብለሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ፤ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ቨርዥን፣ ኢንተር። ቁጥር ከመለሰልሽ አለቀ። ትእዛዙን ከቴሌግራም ገልብጠሽ አትለጥፊ። ቴሌግራም ሁለቱን አጫጭር ሰረዞች አንድ ረጅም ሰረዝ ያደርጋቸዋል፤ ለዓይን ያምራል፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ፊደል ነው። በእጅሽ ጻፊው። ደላላው ዛሬም ካልለቀቀሽ፣ የዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ «አፕ ኤክሰኪውሽን ኤሊያስስ» ብለሽ ፈልጊና በፓይተን ስም የተቀመጡትን አጥፊያቸው። እስከዚያው ድረስ «ፒ» እና «ዋይ» ሁለቱን ፊደላት ብቻ ጽፈሽ ሞክሪ፤ ይህ አጭር ጥሪ ብዙ ጊዜ ሳጥኗ ባዶ ሆናም ይሠራል።

ስለ ላፕቶፑ አትጨነቂ፤ 4 ጊጋ ለጀማሪ ይበቃል። መጫኛውም ወደ 30 ሜጋባይት ስለሆነ አንዴ በፍላሽ ከያዝሽው ደግመሽ ዳታ አታቃጥዪበትም። ጓደኞችሽ መሀል ዊንዶውስ 7 ላይ የቀረ ካለ ግን አዲሱን እንዳይሞክር ንገሪው፤ እዚያ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፣ «ለእኔ አይሆንም» ወዳልሽው። አንድ መሥሪያ ቤት ለቅጥር ፈተና ታዛቢ ሆኜ ተቀምጬ አውቃለሁ። ለተፈታኞቹ ሆን ተብሎ የተበላሸ ኮምፒውተር ተሰጣቸው። አብዛኞቹ ቀይ ጽሑፍ ሲያዩ መስኮቱን ቶሎ ዘግተው እንደ አዲስ ጀመሩ። አንዷ ግን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብላ አነበበችው፣ ወረቀት ላይ ጻፈችው፣ ከዚያ ነው እጇን ኪቦርዱ ላይ ያሳረፈችው። ጥገናውን ሳትጨርስ ሰዓቱ አለቀ። የተቀጠረችው እሷ ናት። አንቺም ስቶር ሲከፈት አይተሽ «ስቶር ተከፈተ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። «አልሠራም አለኝ» ብለሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከየት እጀምር ነበር?

ከሒሳብ ሥራሽ ግን አትውጪ። እንዳንቺ ያሉ ልጆች ሒሳባቸውን ጥለው ዌብሳይት ለመሥራት ሲሮጡ አያለሁ፤ እኔ አልወድላቸውም። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ሥራ የጀመረው ነጻ የንግድ ቀጠና ያለው እዚሁ ድሬ ነው። ዕቃ በገባ በወጣ ቁጥር መዝገብ አለ፤ መዝገቡን አሁንም በእጁ ከኤክሴል ወደ ኤክሴል የሚገለብጥ ሰው አለ። ፓይተኑ ሲሠራልሽ «ኦፕንፓይኤክስኤል» የሚባለውን፣ ፓይተን የኤክሴል ፋይል እንዲያነብና እንዲጽፍ የሚያስችለውን ተጨማሪ፣ ጨምሪበት። ከዚያ የሱቁን የ30 ቀን የሽያጭ ፋይሎች ኮፒ አድርገሽ (ዋናዎቹን እንዳትነኪ!) ኮፒዎቹን ወደ አንድ የወር ማጠቃለያ የሚሰበስብ አጭር ፕሮግራም ጻፊ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ ነው፤ ተመዝገቢ፣ ሰርተፍኬቱንም ያዢ። ቀጣሪ ፊት የምትከፍቺው ግን ያቺን የወር ማጠቃለያ ነው።

አንድ ደብተር አውጪና ዛሬ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ያልኩሽን አድርጊ። የጻፍሽውን ትእዛዝ፣ መስኮቱ የመለሰልሽን ቃል በቃል፣ አንቺ የጠበቅሽውን፣ ሦስቱን ጽፈሽ ላኪልኝ። ቁጥሩ ከወጣልሽም ቁጥሩን ጻፊልኝ።