እንገሩ ይደፋ ወይስ ይጥባ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎ ከሐይቅ ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ ነው። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። እናቴ «ቢጫው ወተት ሆድ ያማል፤ ታልቦ ይደፋ፣ ሕፃኑ ለጋ ቅቤ ይቅመስ» ትላለች። ክትትል ላይ ደግሞ «ፀረ እንግዳ አካል ስላለበት እንዳይደፋ» ተባልን። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካል ተሕዋስያንን የሚዋጋ ከሆነ፣ ሆድ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አይፈጃቸውም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሠላሳ ዓመት ሳዋልድ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አባወራ አላጋጠመኝም።

አይፈጃቸውም። እንገር ውስጥ የሚበዛው ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የሚባለው ዓይነት ነው። የአዋቂ ሰው አንጀትም በየቀኑ ከ3 እስከ 5 ግራም ያህል ያመርተዋል። ሥራው መግደል ሳይሆን መያዝ ነው። ሁለት ሁለት ሆኖ የተጣመረ ስለሆነ ባክቴሪያውን ከብዙ በኩል ይጨብጠዋል፣ የአንጀት ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍም ይከለክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአይጥ ጥናት ደግሞ ደስ የሚል ነገር አሳይቷል፤ በዚህ ፀረ እንግዳ አካል የተያዘ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ለሁለት ሲከፈል ክፋዮቹ መለያየት ያቅታቸዋል፤ አውድማ ላይ እንደተጣመሩ በሬዎች ተያይዘው ይቀሩና ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣሉ። ግርግር የለ፣ ብግነት የለ።

ጠቃሚዎቹንም ይለብሳቸዋል፤ ግን አንዳንዶቹ በዚያው ይጠቀሙበታል። ባክቴሮይድስ ፍራጂሊስ የሚባለው የአንጀት ነዋሪ፣ አይጦች ላይ እንደታየው፣ ልባሱን ይዞ የአንጀቱ ልጋግ ውስጥ ይደላደላል። ያው ፀረ እንግዳ አካል አንዱን ሲያስወጣ ሌላውን ያሰፍራል ማለት ነው።

አሁን ወደ እናትዎ ልመለስ። ላም ስትወልድ ጥጃው እንገር ካልጠባ እንደማይበረታ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ጥጃ ሲወለድ ደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱም ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያው ቀን ገደማ ብቻ ነው። የሰው ልጅ የደሙን ድርሻ በእንግዴ ልጅ በኩል ቀድሞ ስለሚያገኝ፣ እንገሩ የሚጠብቅለት አንጀቱን ነው። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን የሚያመርተው በጣም ጥቂት ነው። ለጥጃ የማንነፍገውን ለልጃችን መንፈጋችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኔም ብሆን አዋላጅነት ሳልማር የበኩር ልጄን እንገር መሬት ላይ አልቤያለሁ፤ ጥቂት ነበር፣ እንደ ማር የወፈረ።

ሌላም አለ። በእናት አንጀት ውስጥ የሠለጠኑ ሕዋሳት በደም ተጉዘው ጡቷ ውስጥ ይሰፍራሉ። ስለዚህ ወተቷ የሚይዘው ፀረ እንግዳ አካል እሷ በበላችውና በጠጣችው ያገኘቻቸውን ባክቴሪያዎች የሚያውቅ ነው። ባለቤትዎ የምትጠጣው የዚያው ቤት ውኃ ነው፤ ልጁ የሚያድገውም እዚያው ነው። ቅቤ ይህን አያውቅም፤ ይባስ ብሎ የእጅና የዕቃ ቆሻሻ ይዞ ይገባል።

በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ እስከ ስድስት ወሩም ከጡት ሌላ አይቅመስ። እናትዎን አይከራከሯቸው፤ የጥጃውን ነገር ብቻ ያንሱባቸው። ቅቤውም አይባክንም፤ ለአራሷ ገንፎ ይዋል።